አይጥ የበላው ቁና

ባለፈው ቅዳሜ፣ ገበያው ሳይሞቅ፣ ሰብለ ከደጄ ቆማ «እማማ ይርገዱ፣ እስቲ ቁናዎን ያውሱኝ፤ የኛን አይጥ በላብን» አለችኝ። ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ምስር እየለቀምሁ ነበር። እጄ ምስሩ ላይ ቆመ። ሰብለ ከእኔ ቤት ዝቅ ብላ ዳቦ እየጋገረች የምትሸጥ የአራት ልጆች እናት ናት፤ ዱቄቷን በኪሎ ነው የምትገዛው። ገበያ ውስጥ እንኳ እህል በጣሳና በሚዛን መሸጥ ከጀመረ ስንት ዘመኑ! ቁና ዛሬ ጌጥ ነው፤ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ለፈረንጅ ፎቶ ይሆናል። ፈረንጁም ቢሆን ከጠፋ ሰነበተ። ታዲያ ዳቦ ጋጋሪ ምን ልትሰፍር ቁና ትዋሳለች? ሌላ ሰው ቢሰማ «ምን ነካት?» ባለ ነበር። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ፤ ገብቶኝም ፊቴ እንደ እሳት ጋለ። ሰብለ የእትዬ ብርቄ ልጅ ናት። ይችን «አይጥ በላብን» የምትል ቃል ደግሞ ከእትዬ ብርቄ ተቀብዬ ደጅ ለደጅ እየዞርሁ ስናገር የኖርሁት እኔው ራሴ ነኝ። አርባ ዓመት ሊሞላው ነው።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ላሊበላ እንደዛሬው በሆቴል አልታጠረችም ነበር። ከቤተ ማርያም ወደ ገበያው በሚወርደው ቁልቁለት፣ ከትልቁ ወይራ ሥር፣ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች። ሻይ አሥር ሳንቲም ነው፤ ስኳር ሲጠፋ ባለቤቷ ከብርጭቆው ጋር አንድ ከረሜላ ትሰጥሃለች፤ ከረሜላውን ጉንጭህ ውስጥ ወሽቀህ ሻይህን ፉት ማለት ነው። ከሻይ ቤቷ ፊት ለፊት የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ነበር፤ ከጣሪያው ላይ ያለው ድምፅ ማጉያ ጧት ጧት የሰልፍ ዘፈን ይለቅቃል። ግጥሙ ጠፍቶኛል፤ ዜማው ግን እስካሁን ሽንኩርት ስከትፍ እግሬን ያስመታኛል። የተማረ ሰው ካኪ ይለብስ ነበር። እኔም ስምንተኛ ክፍል ጨርሻለሁና የተማርሁ ነኝ፤ ወልድያ ከሚነግድ ዘመዴ ያገኘኋት ባለ አራት ኪስ ካኪ ኮት ነበረችኝ። ከሥሯ አበባ ያለበት የቴትረን ቀሚስ፣ እግሬ ላይ ኮንጎ ጫማ። ዛሬ ሳስበው ሳቄ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ግን እስክሪብቶዬን ከላይኛው ኪሴ ሰክቼ ቁልቁል ስወርድ ላስታን የገዛሁ ይመስለኝ ነበር። ባሌ ዘምቶ ወሬው ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ቀበሌው መዝጋቢ አድርጎኝ ነበርና ሥራዬ የሰው ስም መጻፍ ነበር።

መጀመሪያ በልጉ ቀረ። ክረምቱም ደመናውን አሳይቶን ወደ ሌላ አገር ሄደ። ከብልባላ እህል ጭኖ ይመጣ የነበረው ገበሬ አህያዋን ራሷን ሊሸጥ መጣ፤ ቀጥሎ የአህያም ገዢ ጠፋ። አንድ በግ በአንድ ጣሳ ገብስ ሲለወጥ በዓይኔ አይቻለሁ፤ በጉን የሸጠው ሰውዬ ጣሳው በደንብ አልሞላም ብሎ ሲያለቅስም አይቻለሁ።

እትዬ ብርቄ የቄስ ሚስት ነበሩ። አጭር፣ ፈጣን፣ ምላሳቸው እንደ ምላጭ የሆነ ሴት። የሰንበቴ ጓደኞቻቸውን አስማምተው ነበር፤ ማንኛዋም ሴት እህል ስትፈጭ አንድ ጭብጥ ዱቄት «ለማርያም» ብላ ለብቻው ታስቀምጣለች፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ታመጣላቸዋለች። ማን ስንት እንደሰጠች አይጠየቅም። ለማን እንደሚደርስ ከእትዬ ብርቄና ከተሸካሚዋ በቀር የሚያውቅ የለም። ተሸካሚዋ እኔ ነበርሁ፤ እግሬ ቀልጣፋ፣ አፌም የታመነ ነው ተብዬ። የአፌን ነገር እደርስበታለሁ።

እትዬ ብርቄ ወደ ማንም ቤት ዱቄት አይልኩም ነበር። መጀመሪያ ቁና ይዋሳሉ። ረቡዕ ጧት እሄድና «ቁናችሁን አውሱን፤ የኛን አይጥ በላብን» እላለሁ። የቤቱ እመቤት ቁናዋን ከግድግዳ አውርዳ ትሰጠኛለች። ዐርብ እመልሳለሁ። በኛ ሰፈር ደግሞ የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ ነውር ነው። ድስት የተዋሰች ወጥ ጨልፋ፣ ወንፊት የተዋሰች ጭብጥ ዱቄት ጥላበት ነው የምትመልሰው። ስለዚህ በቁናው ውስጥ ዱቄት ቢገኝ ማንም ማንንም አልመጸወተም፤ ዕቃ ተዋስን፣ ዕቃ መለስን። ውለታ የዋለችው ባለ ቁናዋ ናት፤ አመስጋኞቹ እኛ ነን። በዚያ ዓመት የላሊበላ አይጥ ራሷ ከስታ ግድግዳ መውጣት ያቃታት ይመስለኛል፤ በእኛ ወሬ ግን የአገሩን ቁና ሁሉ የጨረሰች እሷ ነበረች። ማንም አልተታለለም። ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም እንዳላወቀ ይሆናል።

«ስትመልሺ ወደ ቤት ውስጥ አትመልከቺ» አሉኝ እትዬ ብርቄ፣ የመጀመሪያ ቀን። «ልጆቹን አትቁጠሪ። 'ለልጆች' የምትል ቃል ከአፍሽ እንዳትወጣ። አንቺ ዱቄት የሚባል ነገር አታውቂም፤ የምታውቂው ቁና ነው።»

«ኧረ እትዬ፣ ሰው በራብ እያለቀ ይሄ ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ለምንድን ነው?»

«አንቺ ልጅ፣ ወንጌሉ የቀኝ እጅና የግራ እጅ ነገር የሚለውን ቄሱ ሲያነብ የት ነበርሽ? እኔ ደግሞ ከሁለቱም እጅ ይልቅ ለፊት ነው የማዝነው። ሆድ ዛሬ ቢራብ ነገ ይጠግባል። የተዋረደ ፊት ግን ጎረቤቱን ደግሞ ቀና ብሎ አያይም።»

እሺ አልሁ። እሺ ያልሁት አፌ ነበር።

ረቡዕ ረቡዕ ከምደርስባቸው ቤቶች አንዱ የመሪጌታ ኅሩይ ቤት ነበር። መሪጌታ የዜማ መምህር ናቸው፤ ከሙጃም ከኩልመስክም ተማሪ ይመጣላቸው ነበር። ክፉው ቀን ሲመጣ ቁራሽ የሚሰጥ ደጅ ጠፋና ተማሪው ተበተነ፤ ሁለት ብቻ ቀሩ። ባለቤታቸው እትዬ ታንጉት ረጅም፣ ንግግር የማያበዙ ሴት ነበሩ። ቁናቸውን ራሳቸው ናቸው የሰፉት፤ ጠርዙ በቀይ ቆዳ የተለበጠ፣ ስፌቱ ውኃ የማያስገባ። ስጠይቃቸው አንገታቸውን ቀና አድርገው ያወርዱልኛል፤ ከዚያም ሁልጊዜ አንዲት ቃል አለቻቸው። «እስኪሠራላችሁ ድረስ እየመጣሽ ውሰጂ።» ለራሷ የሞላላት ባለጸጋ ለችግረኛ ጎረቤቷ የምትለው ዓይነት። አንዳንዴማ ይቆጡኝ ነበር። «ባለፈው ጠርዙን አላልታችሁብኛል፤ የሰው ዕቃ ነው፣ ተጠንቀቁ እንጂ!» ይሉኛል። ሦስት ልጅና ሁለት ተማሪ ያለበት ቤት በዚያች ቁና ዱቄት ሳምንት እየተሻገረ፣ እኔ ስለ ቁና ጠርዝ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ያን ጊዜ ያናድደኝ ነበር። ካኪ ለባሽ ነኛ!

አንድ ዐርብ የታዘዝሁትን ጥሼ ወደ ውስጥ አየሁ። ትንሿ ልጃቸው ስንዱ ከመደቡ ላይ ተኝታለች። ጠጉሯ የጤፍ ጭድ መስሏል። ዝንብ ዓይኗ ላይ ሲያርፍ እጇን አላነሳችም። ሌሎቹን ሁለቱንም ቆጠርሁ። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ የእትዬ ብርቄ ጭብጥ ጨዋታ ሆኖ ታየኝ። ይሉኝታ ልጅ አያሳድግም እያልሁ ከራሴ ጋር ስሟገት አመሸሁ።

በዚያው ሰሞን የእርዳታ ስንዴ መጣና የችግረኛ ስም እንድመዘግብ ታዘዝሁ። እትዬ ብርቄን አላማከርኋቸውም፤ የሚሉትን አውቀዋለሁ። እነ መሪጌታንም አልጠየቅሁም፤ እምቢ ይሉኛል። ተራ ቁጥር፣ ስም፣ የቤተሰብ ብዛት። «ኅሩይ፣ አምስት» ብዬ ጻፍሁ። መዝገቡ ለማዕርግ የሚሆን ቦታ አልነበረውም። ጽፌ ስጨርስ ጽድቅ የሠራሁ መስሎኝ ልቤ ሞቀ። ይህን አልደብቅም፤ ልቤ ሞቆ ነበር።

ስም የሚጠራው ቅዳሜ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ከወይራው ሥር ነበር። ድምፅሽ ጥሩ ነው ተብዬ ማይክሮፎኑን ያስያዙኝ እኔን ነው። የተጠራ እጁን ያወጣል፤ ወደፊት ይመጣል፤ አውራ ጣቱን ቀለም ይነክራል፤ ይሰፈርለታል። ዝርዝሩን እየጠራሁ ወረድሁና መሪጌታ ስም ላይ ስደርስ ቀና አልሁ። ከሻይ ቤቷ ጥግ ከሁለቱ ተማሪዎቻቸው ጋር ቆመዋል፤ ጥምጣማቸው ነጭ፣ መቋሚያቸው በእጃቸው። «መሪጌታ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ አጠገቤ የቆመው ኃላፊ ወረቀቱን እያየ ነው። የተጻፈውን አነበብሁ።

«ኅሩይ። ቤተሰብ አምስት።»

ጣሪያው ላይ ያለው ማጉያ ደግሞ ቁልቁለቱን ሁሉ አሰማልኝ። ሰው ዞረ። ዜማ ያስተማሯቸው ካህናት፣ ልጆቻቸውን ይዘው የሚያስቀድሱ እናቶች፣ ከብልባላ የመጣው ገበሬ፣ ሁሉም ዞረ። ደንቡ ሁለት ጊዜ መጥራት ነውና ሁለተኛም ጠራሁ። መሪጌታ እጃቸውን አላወጡም። መቋሚያቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው፣ ገበያውን አይቶ የጨረሰ ሰው መስለው፣ ቀስ ብለው ወረዱ። ተማሪዎቻቸው ተከተሏቸው።

«ይሄ ሰው የለም?» አለኝ ኃላፊው።

«የለም» አልሁ። ስማቸውን በእስክሪብቶዬ ሰረዝሁት።

ረቡዕ እንደልማዴ ሄድሁ። እትዬ ታንጉት በሩን ግማሽ ከፍተው ቆሙ። ሰላምታ ተለዋወጥን። «ቁናችሁን አውሱን፤ የኛን አይጥ በላብን» አልሁ።

«ቁና የለንም» አሉኝ። «የኛንም አይጥ በላው።»

ከትከሻቸው ኋላ፣ ግድግዳው ላይ፣ ባለ ቀይ ጠርዙ ቁና ተሰቅሎ ይታየኛል። እንደማየውም ያውቃሉ። ያን ጊዜ አፌ አመለጠኝ። «እትዬ ታንጉት፣ በላሊበላ ይዤዎታለሁ፣ እኔ እኮ ለልጆቹ ብዬ ነው!»

አዩኝ፤ ዓይናቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። «ልጆቹ ደኅና ናቸው» አሉ። «እግዜር ይስጥልኝ።» በሩን ዘጉት።

ያን ሁሉ ወራት ዱቄት ስመልስላቸው አንድም ቀን አመስግነውኝ አያውቁም ነበር፤ አመስጋኟ እኔ ነበርሁና። «እግዜር ይስጥልኝ» ያሉኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ምጽዋተኛ እንዳደረግኋቸው የነገሩኝ በዚያች ምስጋና ነው።

ለእትዬ ብርቄ እያለቀስሁ ተናገርሁ። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር፤ አልሰደቡኝም። ሲያጠቧት የነበረችውን ሰብለን፣ ያቺን የዛሬዋን ዳቦ ጋጋሪ፣ ከጡታቸው አላቀቁና «እኔ ያን ሁሉ ቁና የተዋስሁት ዱቄት ለመስጠት መሰለሽ?» አሉኝ። «በሩ እንዳይዘጋ ነበር። አሁን በሩ ተዘጋ፤ ዱቄቱን በየት በኩል ታስገቢዋለሽ?»

በማግስቱ ራሳቸው ሄዱ። እትዬ ታንጉት በክብር ተቀበሏቸው፤ አስቀመጧቸው፤ ሁሉ ደኅና ነው አሏቸው። እትዬ ብርቄ ሲወጡ ዱቄቱን ከደፉ ላይ ትተውት መጡ። ያ ዱቄት በበነጋው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ለወደቁ፣ ከሩቅ አገር ለመጡ ስደተኞች ተሰጥቶ ተገኘ። የሰጡት እትዬ ታንጉት ናቸው። በዚያ ራብ ውስጥ መጸወቱት።

ሁለት ሳምንት እንኳ አልቆየ፤ የሰፈራ ምዝገባ መጣ። ከሰው ሁሉ ፊት መሪጌታ ራሳቸው መጥተው ከጠረጴዛዬ ፊት ቆሙ። ተነሥቼ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ።

«አንቱ መሪጌታ፣ እባክዎ ይቅርብዎ፤ ቆላ ነው አሉ፣ ወባ አለበት አሉ። እኔ ነኝ የበደልሁ፤ እኔን ይርገሙኝ፣ ልጆቹን ይዘው አይሂዱ።»

«አልረግምሽም ልጄ» አሉኝ። «እኔ በተማሪነቴ ስለ ማርያም እያልሁ ስንት አገር ለምኛለሁ። ልመና አላሳፈረኝም፤ ስሜን የሚያውቅ አልነበረማ። አሁንም ስሜን ወደማያውቁበት ልሂድ። በይ ጻፊኝ።»

በዚህኛው ወረቀት ላይ «መሪጌታ ኅሩይ» ብዬ ጻፍሁ፤ መስመሩ አልበቃ ብሎ ወደ ቀጣዩ ዓምድ ገባ። ጎንበስ ብለው አዩት። «መሪጌታውን ተይው» አሉኝ። «እዚያ አያስፈልገኝም።»

በሄዱበት ጧት ቁናው ከቤቴ መዝጊያ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። ባዶ አልነበረም። ውስጡ አንድ ጭብጥ ገብስ አለ፤ የተለቀመ፣ ፍሬው የጠና የዘር ገብስ። በዚያ ሁሉ ራብ ያልነኩት ዘራቸው ነበር። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ የራሳቸው ዕቃ መሆኑ እንኳ ልማዱን አላስተዋቸውም። ይቅርታ ይሁን ፍርድ እስከዛሬ አላወቅሁም። እትዬ ብርቄን ብጠይቃቸው «ሁለቱም ነው» አሉኝ። ገብሱን ልበላው አልቻልሁም። ዝናቡ ሲመለስ ከጓሮዬ ዘራሁት፤ ወፍ ቀደመኝ።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ከሰፈራ ከተመለሱት ሰዎች አንዱን፣ የኩልመስክ ሰው ነው፣ ገበያ ላይ አግኝቼ ጠየቅሁት። ስንዱ መንገድ ላይ ቀረች አለኝ። መሪጌታም ዓመት ሳይሞላቸው በወባ አረፉ፤ ማንነታቸውን የሚያውቅ ስላልነበረ እንደ ማንኛውም ሰው ተቀበሩ አለኝ። ስለ እትዬ ታንጉትና ስለ ሁለቱ ልጆች የሚያውቀው የለም። ከዚያ ወዲህ ከዚያ አገር መጣ የተባለውን ሁሉ ጠይቄአለሁ። እዚህ ቢቆዩ ይተርፉ ነበር ወይ? ብዙ ሰው እዚህም አልቋል። ሰው እንዲህ እያለ ያጽናናኛል፤ እኔ ግን አልጽናናም። ካኪ ኮቴን በዚያው ዓመት ለአንድ ስደተኛ ሰጠሁት። ቁናውን ግን አርባ ዓመት ሰቅዬ አኖርሁት፤ አይጥ አልነካውም።

እንግዲህ ሰብለ ቅዳሜ ልትዋሰኝ የመጣችው ይህንኑ ቁና ነው። የሚጦረኝ ልጄ አስጎብኚ ነበር። እንግዳ ሲጠፋ ከርሞ፣ ከርሞ፣ ሥራ ፍለጋ ወጣ፤ ስልኩም እየራቀ መጣ። ምስሯም የመጨረሻዋ ነበረች። ማንም አያውቅብኝም ብዬ ነበር። የጓዳዬ ጭስ ከቀን አንድ ጊዜ፣ ኋላም በሁለት ቀን አንድ ጊዜ መሆኑን ግን ጎረቤት ያያል፤ ዳቦ ጋጋሪ ደግሞ ጭስ ያውቃል።

«የኛን አይጥ በላብን» አለች ሰብለ ደግማ፤ ያልሰማሁ መስሏት።

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። እኔ? እኔ ይርገዱ? ስንቱን ቤት ያዳረስሁ ሴት! «ቁና የለኝም» የምትለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። በዚያች ቅጽበት እትዬ ታንጉት በሩን ግማሽ ከፍተው ቆመው ታዩኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም በሩን ከውስጥ በኩል አየሁት። ሰብለ ወደ ቤቴ ውስጥ አልተመለከተችም። ምስሩንም አላየችም። መንገዱን እያየች ነበር። እናቷ በደንብ አስተምራታለች።

ተነሥቼ ቁናውን ከግድግዳ አወረድሁ፤ አቧራውን በነጠላዬ ጠረግሁና ሰጠኋት። «ጠርዙን እንዳታላሉብኝ» አልኋት። «የሰው ዕቃ ነው።»

«ኧረ ምን ቆርጦን፣ እንጠነቀቃለን» አለች።

ትናንት መለሰችው። ምን እንዳለበት አልናገርም፤ ዕቃ ተዋሰች፣ ዕቃ መለሰች። ከባድ ነበር። «እግዜር ይስጥልኝ» የምትል ቃል ጉሮሮዬን ሞልታ መጣች፤ መልሼ ዋጥኋት። እትዬ ታንጉት ረቡዕ ረቡዕ ሲያደርጉት የኖሩትን ላድርግ ብዬ አንገቴን ቀና ለማድረግ ሞከርሁ። አንገት እንዲያ ይከብዳል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። እሳቸው ያን ሁሉ ወራት በባዶ ሆዳቸው አንሥተውታል። እኔ አንድ ጊዜ ለማንሣት መዝጊያውን ይዤ ነው የቆምሁት።

«ሰብለ» አልኋት፣ ልትሄድ ስትል። «እስኪሠራላችሁ ድረስ እየመጣሽ ውሰጂ።»